ግመሏ ለምን ትዘላለች? በዜማ የሚንቀሳቀስ አኒሜሽን ችግርና መፍትሄ

ማይኩ ተሰክቷል፣ ፕሮግራሙ ድምፅ ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይቀይራል፣ የግመሏ አንገት ከቁጥሩ ጋር ተያይዟል። እዚህ ድረስ እንደ ደረሳችሁ ልቁጠረው። ደሴ ላይ «እየው እስቲ» ተብሎ የሚመጣልኝ ፋይል መቼም አንድ ዓይነት ነው፦ የባቲ ገበያ ግመል፣ ከኋላ ማሲንቆ። ዜማው ሲቀጥን አንገቷ ሽቅብ፣ ሲወፍር ቁልቁል። ሐሳቡ ያምራል። ግመሏ ግን ታብዳለች።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

ግመሏ ዜማውን ትታ ጩኸቱን ከተከተለች፣ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ «ድምፁ ከፍ አለ» ስንል ጮኸ ማለታችን ነው፤ መቅጠኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ውስጥ ድምፅን ወደ ኩርባ፣ ማለትም እንቅስቃሴውን ወደሚመራው መስመር፣ የሚቀይረው ትእዛዝም የሚለካው ጉልበቱን ነው። ቅጥነቱን፣ ማለትም ፒቹን፣ እንደ ኦቢዮ ባለ ነፃ ፕሮግራም ለክታችሁ ቁጥሩን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አስገቡት።

አኒሜሽኑ ቀስ በቀስ ከዘፈኑ ወደ ኋላ ከቀረ፣ በሰከንድ በ48000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) የተቀዳውን ፕሮግራሙ በ44100 እያነበበው ነው። በአንድ ደቂቃ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዘገያል። ቁጥሩን አስተካክሉ፣ አለቀ።

ማሲንቆው ዝም ሲል ቁጥሩ 50 ወይም 100 ሄርትዝ (በሰከንድ ያለው ንዝረት) ላይ ከተቸነከረ የመብራት እምምታ ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀሉት።

በዝምታ ጊዜ አንገቷ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ፣ ፕሮግራሙ ፒች በሌለበት ቁጥር እየፈጠረ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር የእርግጠኝነት መጠንም ይሰጣል፤ ማንም አያየውም እንጂ። መጠኑ ሲወርድ የመጨረሻውን ደህና ቁጥር ያዙ። ዘፋኝ ካለ ይህ ግዴታ ነው። «ሰ» እና «ሸ» ላይ ፒች የለም፤ «ጠ» እና «ቀ» ላይም ድምፁ ለአፍታ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ዋናው። ማሲንቆው አንድ ኖታ ላይ ቆሞ እያለ አንገቷ ድንገት ይወነጨፋል፣ ወዲያው ይመለሳል። ጆሮ ምንም አልሰማም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ።

ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ኩርባውን ለማለስለስ ነው። እባካችሁ ተዉት። አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ፋይል ይዞልኝ መጣ። አለስልሶ አለስልሶ ግመሏ በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድ መስላለች። ጣት ጭራው ላይ የሚንሸራተትበት፣ ማሲንቆው የሚያለቅስበት ቦታ ሁሉ ጠፍቷል። ዝላዩስ? አልጠፋም። ጉብታ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ቁጥሮቹን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። 220፣ 221፣ 440፣ 441፣ 220። እጥፍ ነው። ፕሮግራሙ ኦክታቭ (ቁጥሩ እጥፍ ወይም ግማሽ የሚሆንበትን ርቀት) ስቷል እንጂ አኒሜሽኑ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የሚዘለው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?

ወደ ላይ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ከሁሉ የበለጠ የሚጮኸውን ድግግሞሽ እየመረጠ ነው። የማሲንቆ አንድ ኖታ ውስጥ 220፣ 440፣ 660 አብረው አሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በልጦ የሚጮህበት ጊዜ ሞልቷል። የጆሮ ማዳመጫ ላይ የተንጠለጠለችው ያቺ ርካሽ ማይክ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ትበላዋለች። ስለዚህ ዘዴውን ቀይሩ። ተመራማሪዎቹ ዴ ሼቬኝና ካዋሃራ በ2002 ያወጡት ዪን የሚባለው ስሌት ጩኸቱን አያወዳድርም፤ ሞገዱ በስንት ጊዜ ራሱን እንደሚደግም ነው የሚለካው። ኦቢዮ ውስጥ አለ፤ መምረጥ ብቻ ነው።

ወደ ታች፣ ለምሳሌ 110 ላይ ከወደቀ፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በየ4.5 ሚሊሰከንዱ የሚደገም ሞገድ በየ9 ሚሊሰከንዱም ይደገማል፤ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ያዘ። እዚህ ማሲንቆ ራሱ ያግዛችኋል። ጭራው አንድ ነው። ጣት ሳያርፍበት አስጮኹትና ለኩ። ከዚያ በታች ማሲንቆው ድምፅ የለውም፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን ቁጥር በሙሉ ጣሉት።

ከዚህ በኋላም አልፎ አልፎ ዝላይ ይቀራል። ለሱ የ5 ልኬት መካከለኛ ቁጥር ውሰዱ፣ አማካይ አይደለም። 220፣ 220፣ 440፣ 220፣ 220 ሲሆን አማካዩ 264 ይሆናል፤ ያ ነው ጉብታው። በቅደም ተከተል ስትደረድሯቸው መሃል ላይ የሚገኘው ግን 220 ነው። መንሸራተቱም አይጠፋም። መስኮቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ በአንዴ የሚያየውን የድምፅ ቁራጭ፣ 2048 ሳምፕል፣ ወደ ቀጣዩ የሚሄድበትን እርምጃ 512 አድርጉ። በ44100 መስኮቱ 46 ሚሊሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ አኒሜሽን ከአንድ ፍሬም ብዙም አይበልጥም።

ስልክ ላይ «ድምፅ ማጥሪያ» የሚባለውን አጥፉ። ረጅሙን የማሲንቆ ድምፅ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ቆጥሮ ይውጠዋል። ጭብጨባ፣ ዘፋኝና ማሲንቆ በአንድ ማይክ የገቡበትን የሠርግ ቅጂም አታምጡልኝ፤ እነዚህ ዘዴዎች አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚከተሉት። አንዱ አምጥቶ ግመሏ ግማሽ ቀን አልነቃነቅ አለችን። ለካ አንዲት እልልታ የቁጥሩን ጣሪያ ወስዳ፣ ዜማው በሙሉ ታች ተጨፍልቋል። የአንገቱን ወለልና ጣሪያ በትንሹና በትልቁ ቁጥር አትወስኑ። ከታችም ከላይም 5 በመቶውን ቆርጣችሁ በቀረው ለኩ።

በሄርትዝም አታንቀሳቅሱ። ከ220 እስከ 440 ያለው ርቀት ለጆሮ ከ440 እስከ 880 ካለው ጋር እኩል ነው። ቁጥሩን ለ220 አካፍሉ፣ በ2 መሠረት ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፣ በ12 አባዙ፤ ሰሚቶን (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት) ታገኛላችሁ። ግን ወደ ሙሉ ቁጥር እንዳታጠጋጉት! ባቲም አምባሰልም የአገራችን የወሎ ስሞች ናቸው፤ ቅኝቶቹ ለፒያኖ ቁልፍ ተብለው አልተቃኙም። እኔም አጠጋግቼ ለአንድ ሽማግሌ አዝማሪ አሳይቼ ነበር። ዝም ብለው አዩና «የኔ ልጅ፣ ይቺ ግመል ፎቅ ነው እንዴ የምትወጣው?» አሉኝ። እዚያው ማጠጋጋቱን አጥፍቼ እንደገና አጫወትኩላቸው።