ደንገጎ ላይ ኮፋኖዋን ከፍታ የምትቆመው ፔጆ

ባለፈው ቅዳሜ ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ አንዲት ቀይ ፔጆ 206 ቆማ አገኘሁ። ኮፋኖዋ ተከፍቷል፣ እንፋሎቱ ይጨሳል። ባለቤቷ ወጣት ልጅ ነው። በአንድ እጁ የሀይላንድ ውሃ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ የሞተሩን ውሃ ክዳን ሊፈታ ነው። ከመኪናዬ ሳልወርድ «ተው! እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። ደግነቱ ሰማኝ። ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የመጣው ልክ እንደዚያ ዓይነት ክዳን ስከፍት ነው።

ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። እስክትቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። «ጋሼ፣ የፈረንሳይ መኪና አይሆንም ሲሉኝ አልሰማ ብዬ ነው» አለኝ። ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ይሄ ንግግር ነው። ምክንያቱም ስትቀዘቅዝ ከፍተን ስናያት ቴርሞስታቷ (የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀው ዕቃ) ወጥቶ ተጥሏል። ውስጧ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው። ክዳኑ የሌላ መኪና ነው። ይሄ ሁሉ የተደረገው እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ፈረንሳይ ምን አጠፋች?

ድሬ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ራሴ ላለፉት 11 ዓመታት የምነዳት ፔጆ 205 ጂቲአይ ናት፤ በጅቡቲ በኩል የገባች። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በእሷ ነው፣ ሐረር ቤተሰብ ጥየቃ የምወጣው በእሷ ነው።

የእኔዋ «ሆት ሃች» ከሚባሉት መኪናዎች ናት። ለማያውቅ ልንገር። ሆት ሃች የሚባለው ተራ ትንሽ የቤት መኪና ነው፤ የኋላ በሩ ወደ ላይ ይከፈታል። ከተራዋ የሚለየው ሞተሩ ጠንከር፣ እግሩ (ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) ጠበቅ ያለ መሆኑ ነው። ፈረንሳዮች በዚህ ሥራ ስም አላቸው። 205 ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ1984 ስትወጣ በ1.6 ሊትር ሞተር 105 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ክብደቷ ደግሞ 900 ኪሎ አይሞላም። በኋላ ባለ 1.9 ሊትሯ በ130 የፈረስ ጉልበት መጣች። ሬኖም 5 ጂቲ ቱርቦን፣ ክሊዮ ዊሊያምስን፣ ክሊዮ 182ን ሠርቷል። እኛ ጋ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ጠብቆ መያዝ ነው ያለው አማራጭ። ለዚህ ነው በከንቱ ስትሞት ሳይ የማዝነው። የሚገድሏትን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ፔጆ አይሞትም»

የሐረር ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ፈረስ መጋላ ላይ 404 ታክሲ እያየ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል? 404 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የሚባለውን የመኪና ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። እኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስንት አሥርት ዓመት ሰው፣ ፍየልና ማዳበሪያ ጫንባት።

ግን የታክሲዎቹን ባለቤቶች ጠዋት ጠዋት አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? ገና ሳይነጋ ኮፋኖ ይከፍታሉ። ዘይት ያያሉ፣ ውሃ ያያሉ፣ ፑንቲናውን (የማቀጣጠያ መገናኛውን) ይጠርጋሉ። 404ን ያኖራት ይሄ ነው። ጂቲአይ ገዝቶ ኮፋኖዋን ስድስት ወር ሳይከፍት «ፔጆ አይሞትም» የሚል ሰው ግን ከእነሱ የወሰደው ወሬውን ብቻ ነው።

«ድሬ በረዶ የለም፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ ታገሱኝ። ከሌላው ሁሉ የበለጠ መኪና የገደለው ይሄ ነው።

አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚጨመረው ፈሳሽ፣ ስሙ ነው ያሳሳተን። በረዶ መከላከል ከሥራው አንዱ ነው። ሌላው ሥራው ዝገትን መከላከል ነው። የ205 ጂቲአይ ሞተር ብሎኩም ከላዩ የሚገጠመው ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በተራ ውሃ ይበላል። ይቦረቦራል። በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የሚያርፍበት ቦታ ጥርስ እንዳጣ ድድ ይሆናል። ያኔ አዲስ ጓርኒሲዮን ብታስገቡም አይዝም።

ውሃችን ደግሞ የድሬ ውሃ ነው! የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ድንጋይ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል። ባለፈው ዓመት ከአንዲት ክሊዮ ላይ ያወረድኩትን ራዲያተር ለሁለት አስቆርጬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከግማሽ በላይ ቱቦው ኖራ ሆኗል። የሚከራከረኝን ሁሉ እሱን አሳየዋለሁ።

ከዚያ መኪናዋ ስትሞቅ መካኒኩ ምን ያደርጋል? ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። «ለአገራችን አየር አያስፈልግም» ይላል። አቦ! ሞተሩ የተሠራው በአንድ በታወቀ ሙቀት እንዲሠራ ነው። ቴርሞስታቱ ያንን ሙቀት ይጠብቃል። ሲወጣ ሜዳ ላይ ሞተሩ በቂ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። በአንዳንዶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል። ዳገት ላይ እንዲያውም ይብሳል። በሽታው የተደፈነ ራዲያተር ሆኖ ሳለ ጤነኛውን ዕቃ ነው የምንጥለው።

ክዳኑስ? ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ናችሁ። እዚያ ክፍት ዕቃ ላይ የተጣደ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጤነኛ ክዳን ግን ግፊት አምቆ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ያቆየዋል። ክዳኑ የሚያስተነፍስ ከሆነ ደንገጎ ላይ ውሃው ገና ፋኑ ሥራውን ሳይጨርስ ይፈላል። በዚህች ትንሽ ክዳን ምክንያት ሙሉ ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ።

ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ አየሩን አስወጡ። ፔጆና ሬኖ ማስተንፈሻ ብሎን አላቸው። የካቢኑን ማሞቂያ ከፍታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ብዙ ሰው ድሬ ውስጥ ማሞቂያ ምን ይሠራል ብሎ ቱቦውን ያስቆርጠዋል። አታስቆርጡ። ዳገት ላይ ሙቀት መለኪያው መውጣት ሲጀምር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮቱን አውርዱ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ሞተራችሁ ግን ይተርፋል። ቅዳሜ ዕለት ልጁን ሐረር ያስገባሁት በዚህ ዘዴ ነው።

ቴስታታ ሲወርድ ሞተር ማዞር

ይሄ ለመካኒኮች ነው። የ205 ጂቲአይ ሞተር ካሚቻ (ፒስተኑ ውስጡ የሚመላለስበት ቱቦ) ውሃ ውስጥ የቆመ ነው፤ ከታች በጎሚኒ ብቻ ተቀምጧል። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ሞተሩን ብታዞሩ ፒስተኑ ካሚቻውን ይዞት ይነሳል። ጎሚኒው ይቀደዳል። መኪናዋን ገጥማችሁ ታስነሳላችሁ፣ በሳምንቱ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ቡና በወተት ይሆናል። የድሮ የ404 መካኒኮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ካሚቻውን በብሎንና በዋሸር አስረው ነው የሚሠሩት። 404ም እንደዚሁ ናትና። ሐረር ውስጥ እንዲህ ያሉ አባት ካገኛችሁ እጃቸውን ስማችሁ ተማሩ።

የታይሚንግ ቺንጋ

ቫልቭና ፒስተንን በጊዜያቸው የሚያስኬደውን ይህን ቀበቶ በኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ። ጎማ ነው፣ ያረጃል። በእኛ ሙቀት አምስት ዓመት ከሞላው ቀይሩት። ክሊዮ 182 ላይ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ በቃ። ቺንጋውን ስትቀይሩ የውሃ ፖምፓውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ወደ ውስጥ ያዘነበለ የኋላ ጎማ

አንድ ደንበኛዬ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት የኋላ ጎማ ቀየረ። ጎማ ሻጩን ሰደበ፣ መንገዱን ሰደበ። መኪናዋን ከኋላ ቆሜ አየኋት። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለዋል። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም።

የ205፣ የ106፣ የ306፣ የ206 እና የሲትሮኤን ሳክሶ የኋላ እግር በመርፌ መሰል ኩሽኔታዎች ላይ ነው የሚዞረው። ጎሚኒው ሲያረጅ ውሃና አቧራ ይገባል። ኩሽኔታው ይደቃል፣ ከዚያ ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። እብጠት ስታልፉ ከኋላ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያኔውኑ አስፈቱ። በጊዜ ከተያዘ በኩሽኔታና በጎሚኒ ይድናል። ከቆየ ሙሉ አክስል ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ያንን እግር በብየዳ «ያቃኑ» አሉ። እባካችሁ፣ ልጆች የምትጭኑበትን መኪና እግር አታስበይዱ።

ደንገጎን በፎሌ መውረድ

በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥተው፣ የሚወርዱት ቤንዚን ይቆጥባል ብለው ነው። በኢንጀክሽን መኪና ላይ ተቃራኒው ነው። በማርሽ ስትወርዱ ነዳጁ ራሱ ይቋረጣል። በፎሌ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። በዚያ ላይ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ያረጀው ዘይት ሲሞቅ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ እሱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ከሐረር ስመለስ መንገዱ ረጥቧል። ጫት ጭኖ የሚከንፍ መኪና መታጠፊያው ላይ መስመሬን ይዞ መጣብኝ። ደንግጬ እግሬን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሳሁ። የ205 ኋላ ቀላል ነው። እግር ሲነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ይለቃሉ። መኪናዋ ዞራ ፊቷን ወደ ሐረር አድርጋ ቆመች። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። እስከ ድሬ አንድም ቃል አልተናገረችም። ፍጥነታችሁን ከመታጠፊያው በፊት ቀንሱ፤ መሃል ላይ ነዳጁን ሳትለቁ በእርጋታ ጨርሱት። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ይህን ሳይለማመድ የሚፈጥን ሰው ያስፈራኛል።

ባጭሩ ደግሞ፦ ከመንገድ ዳር በሀይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አትቅዱ፤ ቱርቦ ሞተር የተደባለቀ ነዳጅ አይችልም። እንደ 208 ጂቲአይ ያሉት ፔጆ ከቢኤምደብልዩ ጋር በሠራው 1.6 ቱርቦ የሚሄዱ ናቸው፤ የዘይት መጠናቸውን በየሳምንቱ እዩ፣ ጠዋት የሰንሰለት ኳኳታ ከሰማችሁ አትዘግዩ። መብራትና ዳሽቦርድ ሲያብድ ኮምፒውተሩ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ማሳዎቹን (የኔጌቲቭ ሽቦ ማሰሪያዎቹን) ፈትታችሁ ጥረጉ። ለእብጠት ብላችሁ ሞላ ላይ ጎማ አታስጨምሩ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ጣጣ ካለባት ለምን ትነዳታለህ ይሉኛል። መልሱ መንገዱ ላይ ነው። ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ስትወጡ መሪው እጃችሁ ላይ የጎማውን ወሬ ያመጣላችኋል። ያ ሁሉ መታጠፊያ በቶዮታ ዲኤክስ ድካም ነው፣ በ205 ደስታ ነው። ፈረንሳዮች መኪናን ጠበቅ አድርገውም ወንበሩንና እግሩን አያደርቁትም። ሐረር ኮብልስቶን ላይ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ርዝመቷ 3.70 ሜትር ነው፤ ጁገል ውስጥ መኪና በሚገባባቸው መንገዶች ላይ ግድግዳ ሳትነካ ታልፋለች። ማታ ከአወዳይ ወዲህ ስትመጡ ብርዱ በመስኮት ሲገባ፣ ያ ያላስቆረጣችሁት ማሞቂያም ይሠራል።

ዕቃ ስታዝዙ የመጨረሻው ነገር። በሞዴልና በዓመት ብቻ አትዘዙ። እነዚህ ፋብሪካዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ዕቃ አቅራቢ ይቀይራሉ። የ205 የፊት ፍሬን እንኳ የቤንዲክስም የገርሊንግም አለ፤ ሸራው አይለዋወጥም። ከውጭ አስልካችሁ፣ ወር ጠብቃችሁ፣ የማይገጥም ዕቃ መታቀፍ ያማል። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

የልጁ 206 ማክሰኞ ጋራዤ ገባች። ራዲያተሯን አውርደን አጥበናል። ቴርሞስታትና ክዳን በሻንሲ ቁጥሯ አዝዘናል። እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ብቅ እያለ ያያታል።