የድሮ ሞኒተር ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ስታገናኙ ፅሁፉ ብዥ ካለባችሁ
ሞኒተሩ ያለው የምስል መሰኪያ ሰማያዊዋ ባለ 15 ፒን ቪጂኤ ብቻ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ግዙ። አቅጣጫውን ግን እዩ፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለው መልኩ ያው ነው ግን በተቃራኒው አይሰራም። ተራ ገመድም አይሆንም፣ አንዱ ዲጂታል ሌላው አናሎግ ስለሆነ መሃል ላይ የሚቀይር ቺፕ የግድ ያስፈልጋል።

ሰክታችሁ ፅሁፉ ብዥ ካለ ወይ ምስሉ ወደ ጎን ከሸሸ አዳፕተሩን ለመመለስ አትሩጡ። መጀመሪያ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) የሞኒተሩ ትክክለኛ ልክ ላይ አድርጉት (ባለ 17 ኢንች ካሬ መሳዮቹ አብዛኞቹ 1280 በ 1024 ናቸው)፣ ከዛ ፅሁፍ የሞላበት ነጭ ገፅ ሙሉ ስክሪን ከፍታችሁ ሞኒተሩ ላይ ያለችውን አውቶ የምትል በተን ጫን አድርጉ፣ ሁለት ሶስት ሰከንድ ይንቀጠቀጥና ጥርት ይላል። አናሎጉን ሲግናል ራሱ ለክቶ ነው የሚያስተካክለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ከተጫናችሁት ግን የምስሉን ጠርዝ ስለማያገኘው ጭራሽ ያበላሸዋል።

በቪጂኤ ድምፅ አይሄድም፣ ከላፕቶፑ ስሙ። ሞኒተሩ ዲቪአይ የምትባለው ነጭ መሰኪያ ካለችው ደግሞ ይሄን ሁሉ ተዉት፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ ተራ ገመድ ይበቃል።