ያው መድኃኒት፣ ሌላ ዋጋ፦ ረከስ ያለውን እንዴት እንጠይቅ?

ሐኪሙ ማዘዣውን ሳይጨርስ «ያው መድኃኒት ሆኖ ዋጋው ረከስ ያለ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንም አያሳፍርም። መድኃኒቱ ስለተወደደበት ቀን እየዘለለ የሚውጥ ሰው ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ካልነገራችሁት አያውቅም።

ማዘዣው ላይ የንግድ ስም ብቻ ካለ ጄኔሪክ ስሙንም፣ ማለትም ውስጡ ያለው መድኃኒት የሚጠራበትን ስም፣ አስጽፉ። ፓናዶልም ታይሌኖልም ውስጣቸው ያለው ፓራሲታሞል ነው። ሊፒተር አቶርቫስታቲን ነው፣ ኖርቫስክ ደግሞ አምሎዲፒን። የመጀመሪያው አምራች ለምርምር ያወጣውን በፓተንቱ (መድኃኒቱን ብቻውን የማምረት መብቱ) ዘመን ይሰበስባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት የሚቆየው ፓተንት ሲያበቃ ሌሎችም ያንኑ ያመርታሉ፣ ፉክክር ይመጣል፣ ዋጋም ይወርዳል። ስሙ የታወቀው ብራንድ ግን ብዙ ጊዜ ውድ እንደሆነ ይቀጥላል።

ፋርማሲ ስትደርሱ ካርቶኑን አገላብጡት። በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ ከታዘዘላችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀስ እያለ የሚለቀቀውና ተራው እንክብል አንድ አይደሉም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ ዋጋውን ለፍሬው ብዛት አካፍሉ። ባለ 30 ፍሬው ከባለ 10ሩ በፍሬ ሊረክስ ይችላል።

አደራ ግን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ) ወይም ሌቮታይሮክሲን (ለታይሮይድ እጢ ችግር የሚሰጥ) የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ብራንድ አትቀይሩ። በደም ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ሲዛነፍ እንኳ ጉዳት ያመጣል፤ ሐኪሙ ይወቀው፣ ካስፈለገም የደም ምርመራ ያዛል።