የቮልስ ሞተር ፒስተን እንዴት ይሻሻላል?

የቮልስ ሞተር ሲወርድ ባለቤቱ የሚያስበው ነገር ይታወቃል። «ከወረደ አይቀር ትንሽ ጉልበት ልጨምርበት።» ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ትልቅ ፒስተን ገዝቶ በቀጥታ ያስገጥምና ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ስንት እንደደረሰ ሳያውቅ መንገድ ይወጣል።

ቮልስ ደግሞ ውሃ የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት አየርና ዘይት ናቸው። ፒስተኑ ከቃጠሎው የተቀበለውን ሙቀት በአብዛኛው በፋሻዎቹ (ዙሪያውን በሚይዙት የብረት ቀለበቶች) በኩል ለሲሊንደሩ ያስተላልፋል፤ ሲሊንደሩ በክንፎቹ በኩል ለአየር ይሰጣል። በመሆኑም እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ፒስተን ስንነካ መጀመሪያ ማሰብ ያለብን ስለ ሙቀቱ ነው። ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምሳሌ የሚሆነንን ሞተር እንምረጥ። ፋብሪካው የሠራው 1600 ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት (ከጫፍ ጫፍ የሚሄደው ርቀት) 69 ሚሊ ሜትር ነው። በአራቱ ሲሊንደሮች ሲሰላ 1584 ሲሲ ይመጣል። ምቱን ሳንነካ ፒስተኑን 90.5 ብናደርገው 1776 ሲሲ ይሆናል። ለዚህ የሞተሩ አካልና ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ራስ) በቶርኖ መሰፋት አለባቸው። ሳይሰፋ የሚገባ ባለ 88 ሚሊ ሜትርም ገበያ ላይ አለ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ስስ ስለሆነና ሲሞቅ ቅርጹን ስለሚቀይር ግን አልመክረውም።

መጀመሪያ መለካት

ፒስተኑን የምትለኩት ከታችኛው ጫፍ፣ ከስፒኖቶው (ፒስተኑን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ፒን) ቀዳዳ በ90 ዲግሪ ዞር ብላችሁ ነው። ፒስተን ሙሉ ክብ አይደለም፤ ሲሞቅ ክብ እንዲሆን ተብሎ በትንሹ ሞላላ ተደርጎ ይሠራል። በሌላ ቦታ ከለካችሁ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። ሲሊንደሩን ደግሞ ከአፉ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ ለኩ። ለፋብሪካው ፒስተን በሁለቱ መካከል የሚፈለገው ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው። ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን ከገዛችሁ ግን ይህ ቁጥር አይሠራም። በሙቀት የበለጠ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፤ አምራቹ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ተከተሉ። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ «ለማስተካከል» መሞከር ግን ፒስተኑን ማበላሸት ነው።

ቀጥሎ የቴስታታው ጉድጓድ፣ ቃጠሎው የሚካሄድበት ክፍል፣ ስንት እንደሚይዝ ይለካል። ቴስታታውን ገልብጡት። ካንዴላውን እሰሩ፤ ቫልቮቹም ተዘግተው ይሁኑ። የጉድጓዱን ጠርዝ ግሪስ ቀቡና ትንሽ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ክደኑበት። ከፋርማሲ በገዛችሁት ሲሪንጅ በቀዳዳው በኩል ነጭ ጋዝ እየቆጠራችሁ ሙሉ። አንድም የአየር አረፋ መቅረት የለበትም። አራቱንም ለኩና ጻፉ። እንበል 50 ሲሲ ወጣ።

ከዚያ ፒስተኑን ያለ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር በሞተሩ ላይ ግጠሙት፤ ሲሊንደሩን በደንብ አስሩት። ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) አዙራችሁ ፒስተኑን ጫፍ አድርሱት። የፒስተኑ ራስ ከሲሊንደሩ አፍ ምን ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ? ይህ ርቀት የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ 1.2 አገኘን እንበል።

አሁን ሒሳቡ። ባለ 90.5 ፒስተን በአንድ ምት 443.9 ሲሲ ይጠርጋል። የ1.2 ሚሊ ሜትሩ ክፍተት 7.7 ሲሲ ይይዛል። ከጉድጓዱ 50 ሲሲ ጋር 57.7 ይሆናል። 443.9ን እና 57.7ን ደምራችሁ ለ57.7 ስታካፍሉ ወደ 8.7 ይመጣል። ፋብሪካው ለ1600 የሰጠው 7.5 ገደማ ነው። ያለ ውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ያውም ያልተነካ የፋብሪካ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው፣ በየዕለቱ 8.7 ተሸክሞ ቢሄድ ማንኳኳቱ፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ልክ ፈንድቶ ፒስተኑን መምታቱ፣ አይቀርም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ሰዎችን ታሳስታለች። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ያለው ሞተር እዚያ ሳያንኳኳ ሊሠራ ይችላል። ያው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ያኔ ዳገት ላይ ከኋላ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ የሚመስል ድምፅ ይጀምራል። የከፍታው ስስ አየር ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያነሰ ነው። በእኔ እምነት ኮምፕሬሽን የሚመረጠው መኪናው ለሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው።

የፒስተኑን ራስ መጎድጎድ

ኮምፕሬሽኑን ለማውረድ ብዙ ሰው የሚመርጠው ቀላል መንገድ አለ። ከሲሊንደሩ ሥር ቀለበት አስገብቶ ሲሊንደሩን ከፍ ማድረግ። በምሳሌያችን 7.75 ለማግኘት ክፍተቱን ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ይጠይቃል። ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፤ የማንኳኳት አደጋው ግን የታሰበውን ያህል አይቀንስም። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የፒስተኑ ጠርዝ ከቴስታታው ጠፍጣፋ ክፍል ጋር ሲቀራረብ በመካከላቸው ያለው ጋዝ ተጨምቆ ወደ መሐል ይወረወራል። የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ ይታመሳል፣ ቶሎና እኩል ይቃጠላል። ክፍተቱን ሲያሰፉት ይህ ጥቅም ይጠፋል።

የተሻለው መንገድ ጠርዙን ባለበት ትቶ መሐሉን መጎድጎድ ነው። ከፒስተኑ ራስ መሐል 65 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ቢወጣ ወደ 8 ሲሲ ይሰጣል። ኮምፕሬሽኑ 7.75 ይሆናል፤ የ1.2 ሚሊ ሜትሩ ክፍተት ሳይነካ ይቀራል። ዙሪያውን ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ጠፍጣፋ ጠርዝም ይተርፋል።

ወደ ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የፒስተኑን ራስ ውፍረት ለኩ። ከተቆረጠ በኋላ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሚቀር ከሆነ እኔ አላስቆርጥም። ባለ ቶርኖው ፒስተኑን ጎኑን ጨምቆ እንዳይዘው ንገሩት፤ ይጣመማል። ከውስጥ የሚይዝ መያዣ ያዘጋጅለት። የጎድጓዳው ታች ማዕዘን ስል ሳይሆን ክብ ይሁን፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከስል ማዕዘን ነው። አራቱም ሲያልቁ ጎድጓዳዎቹን በዚያው ሲሪንጅ ለኩ፤ እኩል መሆን አለባቸው።

ከዚያ የተረፈውን ስል ጠርዝ ሁሉ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት። ስስ ስል ብረት ግሎ እንደ ካንዴላ ቤንዚኑን ያለ ሰዓቱ ያቀጣጥለዋል። የፋሻ ቦዮቹን ግን አትንኩ።

ከፍ ብሎ የሚከፈት ካምሻፍት ካለ በቫልቭና በፒስተን መካከል ያለውን ርቀት ማየት ግድ ነው። ፒስተኑ ራስ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ለጥፉ፣ ቴስታታውን እሰሩ፣ ኮሎውን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ። ፈታችሁ የታተመውን ጭቃ በስለት ቆርጣችሁ ውፍረቱን ለኩ። ለመግቢያው ቫልቭ 2፣ ለመውጫው 2.5 ሚሊ ሜትር ካልቀረ ፒስተኑ ራስ ላይ ለቫልቩ የሚሆን ጎድጓዳ ይቆረጥለታል። ምቱን በትልቅ ኮሎ ያስረዘመ ሰው ደግሞ ፒስተኑ ታች ሲደርስ ከኮሎው ሚዛን ጋር እንዳይነካካ ይይ። ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ የታችኛው ጫፍ በልክ ይከረከማል።

ክብደት

ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፒስተኖቹን ከነስፒኖቷቸው አሥረኛ ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ። ሌሎቹን ሁሉ ወደ ቀላሉ አውርዱ። የሚፋቀው ከውስጥ በኩል ካለው የታችኛው ጠርዝ ነው። ከራሱና ስፒኖቶው ከሚያልፍበት ወፍራም ክፍል አይነካም። በከባዱና በቀላሉ ፒስተን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ግራም በታች ከሆነ በጣም ጥሩ ነው።

ስታጥቡ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይበቃል። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ይበላል፤ አታስጠጉት።

መግጠም

እያንዳንዱን ፋሻ በራሱ ሲሊንደር ውስጥ ከትታችሁ በፒስተኑ ራስ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። የፋሻውን አፍ፣ ማለትም በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት፣ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ለኩ። ለፋብሪካው ልክ የላይኛው ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የዘይቱ ፋሻ ከ0.25 እስከ 0.40 ነው። ለትልልቅ ፒስተኖች አምራቹ የሰጠው ይቀድማል። ከጠበበ በቀጭን ሞረድ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ ይሞረዳል። የጠበበ ፋሻ ሲሞቅ አፉ ይገጥምና ሲሊንደሩን ይቧጭራል።

ስፒኖቶው በመዶሻ አይገባም። ፒስተኑን ወደ 75 ዲግሪ አሙቁት፤ በእጅ ሲገፉት ይገባል። ራሱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው (ኮሎው ጫፍ ላይ ወዳለው ከባድ መንኮራኩር) ይዙር፤ ስፒኖቶው ትክክል መሐል ላይ ስላልሆነ አቅጣጫው ለውጥ ያመጣል። የፋሻዎቹ አፎች ተራርቀው ይቀመጡ። የዘይቱ ፋሻ አፍ ወደ ላይ ይሁን፤ ሞተሩ የተኛ ስለሆነ ዘይት የሚጠራቀመው ከታች ነው። ረጃጅሞቹ የቴስታታ ብሎኖች 10 ሚሊ ሜትር ከሆኑ በ32፣ 8 ሚሊ ሜትር ከሆኑ በ25 ኒውተን ሜትር በየተራ ይጠበቃሉ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሦስተኛውን ሲሊንደር ለብቻው ተከታተሉት። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ወደ እሱ በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከዚያ አየር መንገድ ወጥቷል፤ ያንን ዓይነት ማስገጠም ከቻላችሁ አስገጥሙ። 500 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ ዘይቱን ቀይሩ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጉ። አራቱንም ካንዴላዎች ፍቱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሦስተኛው ነጣ ብሎ ከታየ ወይም ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ካለ፣ ካርቡራቶሬውና የእሳት ሰዓቱ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ሳይስተካከል መኪናውን ረጅም መንገድ አታውጡት።