ደሙ ሲያልቅ ለምን ይቆማል? የቆሰለ አጋዘን የሚከታተል ውሻ፦ ችግርና መፍትሄ

አዳኝ አቁስሎ ያመለጠውን አጋዘን ፈልጎ እንዲያገኝ ልታሰለጥኑት ቡችላውን አምጥታችኋል፣ ለልምምድ ደም አንጠባጥባችኋል፣ ቆዳ ጎትታችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ነገሩ ይበላሻል። ውሻው መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይ ይቅበዘበዛል፣ ወይ ሌላ አውሬ ተከትሎ ይነጉዳል። ይሄ ጽሑፍ ለዚያ ቀን ነው። የገጠማችሁን ምልክት ፈልጋችሁ እሱን ብቻ ብታነቡ ይበቃል። የመጀመሪያውን ግን አትዝለሉት፤ ብዙዎቹ ችግሮች ከእሱ ነው የሚመዘዙት።

ደም እስካለ ይሄዳል፤ ደሙ ሲያልቅ ቀና ብሎ ያየኛል

ምክንያቱ፦ ደም እንዲከተል ነዋ ያስተማራችሁት። እውነተኛ ዱካ ግን ብዙ ቦታ ላይ ደም የለበትም። ሆዱ ላይ የተመታ አጋዘን ከጥቂት እርምጃ በኋላ አንዲት ጠብታ ላያሳይ ይችላል። ቀዳዳውን ስብ ወይ አንጀት ይደፍነዋል፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ከዚያ ወዲያ ውሻው የሚይዘው የእንስሳውን የራሱን ጠረን ነው። አጋዘን በሰኮናው ጣቶች መሃል ዕጢ አለው፤ በረገጠ ቁጥር መሬቱ ላይ ጠረን ይተዋል። የሰለጠነ ውሻ የአንዱን አጋዘን ጠረን ከሌላው መለየት ይችላል። እኛ ግን በልምምድ ላይ ደም እንደ ውሃ እናፈሳለን፤ ውሻውም «ሥራዬ ደም መፈለግ ነው» ብሎ ይደመድማል።

መፍትሄው፦ ደሙን ቀንሱ፣ ሰኮናውን ጨምሩ። ስንት ደም ይበቃል ለሚለው የጀርመኖችን የዱካ ፈተና ተመልከቱ። ዱካው ቢያንስ 1000 ሜትር ነው፤ ለዚህ ሁሉ የሚፈቀደው ደም ሩብ ሊትር ብቻ ነው። በአራት ሜትር አንድ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዚያ ላይ ዱካው ከ20 ሰዓት በላይ አድሮ ነው ውሻው የሚለቀቅበት፤ ከባዱ ፈተና ላይ ደግሞ ከ40 ሰዓት በላይ። ጀማሪ ግን ሩብ ሊትሩን በመቶ ሜትር ላይ ጨርሶት ቁጭ ይላል።

ከሥሩ ሰኮና የሚታሰርበት የዱካ ጫማ አለ። እሱን አድርጋችሁ ስትራመዱ በየእርምጃው የአጋዘኑ ጠረን መሬት ላይ ይቀራል። ጫማው ከሌላችሁ ሰኮናውን እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ እየተራመዳችሁ መሬቱን ውጉት። ደሙን በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፤ ክዳኑን በሚስማር ብሱት። እንጨት ጫፍ ላይ ስፖንጅ አስሮ መሬቱን ነካ ነካ ማድረግም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ደሙም ሰኮናውም የአንድ አጋዘን ይሁን። የአንዱን ደም ከሌላው ሰኮና ጋር ካደባለቃችሁ፣ ለውሻው «የፈለግከውን ተከተል» እያላችሁት ነው። የከብት ደም ይቅርባችሁ።

ከዚያ ክፍተት ፍጠሩ። መጀመሪያ አምስት ሜትር ያለ ደም፣ በሰኮና ብቻ። ሲለምድ አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ። ክፍተቱን እንዳለፈ አንድ ጠብታ ያግኝ፤ እሷ ጠብታ «ልክ ነህ» ትለዋለች።

ደሙን ስታስቀምጡ በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት። አንድ ትልቅ ጠርሙስ እየቀለጠ እየተመለሰ ሲቆይ ይሸታል፣ ፍሪጁም የቤት ጠብ ያመጣል።

ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይሮጣል፤ መታጠፊያውን ያልፈዋል

ምክንያቱ፦ ዱካው በጣም ትኩስ ነው። አሁን ያንጠባጠባችሁት ደም ጠረኑ ገና በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሻው አፍንጫውን መሬት ላይ ማድረግ ምን ያስፈልገዋል? ብዙ ሰው ዱካውን ይሠራና ወዲያው ውሻውን ያመጣል። ለቡችላ ለአንድ ሁለት ሳምንት አይከፋም። ከዚያ በኋላ ግን ችኮላ እያስተማራችሁት ነው።

መፍትሄው፦ ዱካውን አስረጁት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ማታ ሠርታችሁ ጠዋት። የሚገርመው፣ ብዙ ውሻ ባደረ ዱካ ላይ ነው ረጋ የሚለው። መታጠፊያዎቹን ደግሞ በ90 ዲግሪ ማዕዘን አድርጓቸው፤ ካለፈው ራሱ ስህተቱን ያውቃል። ሲያልፍ አትጥሩት፣ ገመዱን አትንጠቁት። ባላችሁበት ቀጥ በሉ። አሥር ሜትር ገመድ ይዞ ዞሮ ዞሮ ዱካውን ሲያገኘው፣ ያኔ «ጎበዝ!» ብላችሁ ተከተሉት።

ገመዱን ሰፊ የአንገት ማሰሪያ ወይ የደረት ማሰሪያ ላይ እሰሩት፤ ያንን ማሰሪያ ለዱካ ሥራ ብቻ ተጠቀሙበት። የኔዋ ከኪሴ ሳወጣው ገና ፊቷ ይለወጣል። ሽንት ቤት የሚያስኬዳት ማሰሪያ ሌላ ነው፣ ሥራ የሚያስገባት ሌላ።

የሚከተለው አጋዘኑን ሳይሆን እኔን ነው

ይሄ ቶሎ አይታወቅም። የሚታወቀው ዱካውን ሌላ ሰው የሠራላችሁ ቀን ነው፤ ውሻው ግራ ይገባዋል። ሁልጊዜ እናንተ ስትሠሩ የጫማችሁን ጠረን ይዞ ነበር የሚሄደው። ሠሪው ይቀያየር። ዱካውን የሠራ ሰው በሄደበት አይመለስ፤ ጨርሶ በሌላ በኩል ዞሮ ይውጣ። ሌላ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ዱካውን አቋርጦ ይሂድ።

የዚህ ዘመድ የሆነ ችግር አለ፦ ምልክት። ዛፍ ላይ ባለ ቀለም ሪባን ታስራላችሁ፣ ውሻው ከአንዱ ሪባን ወደ ሌላው ይሄዳል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በሪባኑ ሥር ሁሌ ደም አለ፤ ውሻ ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም። እኔ የምጠቀመው የልብስ መቆንጠጫ ነው። ከውሻው ዓይን በላይ፣ በዛፉ በስተጀርባ በኩል እቆነጥጠዋለሁ። ሳልፈው ዞር ብዬ አየዋለሁ፣ ውሻዬ አታየውም።

ከዱካው ሁለት ሦስት ሜትር ጎን ይሄዳል

ነፋስ ነው። ጠረኑ ወደ ጎን ተገፍቷል። ውሻው ትክክል ነው፣ ተዉት።

ጤነኛ አጋዘን ሲያቋርጠው ያንን ተከትሎ ይሄዳል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ትኩስ የጤነኛ አጋዘን ዱካ ለውሻ ትኩስ ዳቦ ነው፤ ያደረው የቆሰለ ዱካ ደግሞ የትናንት ድርቆሽ። ያንን ትቶ ይሄን መምረጥ የሚማረው ነገር ነው፣ አብሮት አይወለድም። ለዚህ ሥራ ተብለው የተዳቀሉት የሃኖቨርና የባቫርያ ዱካ ውሾች፣ ወይም ባለ ሻካራ ጸጉር ዳክስሁንድ እንኳ መማር አለባቸው።

መጀመሪያ ውሻችሁን ማንበብ ልመዱ። በያዘው ዱካ ላይ ሲሆን እርምጃው ዝግ ይላል፣ አፍንጫው ቅጠል ውስጥ ይገባል፣ ትንፋሹ ይሰማል፤ ገመዱም እጃችሁ ላይ እኩል ይከብዳል። ወደ ጤነኛው ሲቀይር አንገቱ ከፍ ይላል፣ ጭራው ይለወጣል፣ ገመዱ ድንገት ይወጠራል። እያንዳንዱ ውሻ የራሱ ምልክት አለው። የኔዋ ቀኝ ጆሮዋን ነው የምታነሳው። ይህን ያወቅሁት ጓደኛዬ በስልኩ ቀርጾ ያሳየኝ ጊዜ ነው፤ እኔማ ከኋላ ሆኜ ዓመት ሙሉ አላየሁትም።

መፍትሄው፦ አጋዘን በሚመላለስበት ቦታ ሆን ብላችሁ ዱካ ሥሩ። የት እንደሚያቋርጥ እናንተ እወቁ። ሲቀይር እንደ ግንድ ቁሙ። ቁጣ የለም፣ መጎተት የለም፣ ዝም ብቻ። ገመዱ አላንቀሳቅስ ሲለው ይመለሳል። ካልተመለሰ እርግጠኛ ወደሆናችሁበት የመጨረሻ ደም ውሰዱትና በጣታችሁ አሳይታችሁ እንደገና አስጀምሩት። መጮህ ለምን አይሆንም? ውሻው «ዱካ መቀየር ክልክል ነው» ብሎ አይረዳም። «አጋዘን ማሽተት ክልክል ነው» ብሎ ነው የሚረዳው። ያኔ ጉድ ፈላ።

በልምምድ አንደኛ ነው፤ በእውነተኛው ቀን ምንም

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከገመዱ በወዲህኛው ጫፍ ነው። በልምምድ ላይ ዱካው የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ሲሳሳት ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፣ ሲያገኝ ሳታውቁት ወደፊት ትራመዳላችሁ። ውሻው እናንተን ያነባል። በእውነተኛው ቀን ግን የሚያነበው የለም፣ ምክንያቱም እናንተም አታውቁም። ስለዚህ ከአሥሩ ልምምድ ቢያንስ ሦስት አራቱን የት እንዳለ በማታውቁት ዱካ ላይ አድርጉ። የሠራው ሰው ከኋላችሁ ይከተል፤ ሃምሳ እርምጃ ሙሉ ከዱካው ካልወጣችሁ በቀር አይናገር።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አዳኙ «ወደ ታች ወደ ወንዙ ነው የሄደው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። ውሻዬ ወደ ዳገቱ ሳበች። ወደ ታች መለስኳት። እንደገና ወደ ዳገቱ። መለስኳት። በሦስተኛው ቁጭ አለችና ወደ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረች፤ አኮረፈች ማለት ነው። ትተን ሄድን። ጠዋት ተመልሰን ገመዱን ለቀቅ አደረግሁላት፤ ቀጥ ብላ ወደ ዳገቱ። ስልሳ እርምጃ ያህል እንደሄድን የደረቀ ቅጠል አፍንጫዋ ላይ ተለጥፎ ቀና አለች። ቅጠሉን አንስቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ አተር የምታክል የደረቀ ደም። አጋዘኑ ከወደቀ ግንድ ጀርባ ነበር። አዳኙ ያየው ሌላ አጋዘን ኖሯል።

ሌላው ምክንያት አዳኞቹ ራሳቸው ናቸው። ውሻው ከመምጣቱ በፊት አምስት ሰው ደሙን ረግጦ፣ በጫማው ይዞ በየአቅጣጫው አዳርሶታል። ለሚጠራችሁ ሰው በስልክ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ደሙ ሲጠፋባችሁ ቁሙ፣ የመጨረሻውን ጠብታ ምልክት አድርጉ፣ በመጣችሁበት ውጡ።

አጋዘኑ ከፊታችን እየተነሳ ይሄዳል

ይሄ የውሻው ጥፋት አይደለም፤ ቶሎ ገባችሁ። የቆሰለ አጋዘን ካልተባረረ ብዙም ሳይርቅ ይተኛል። ከተነሳ ግን ኪሎ ሜትሮች ሊሄድ ይችላል። መጠበቅ ያለባችሁን ሰዓት የተመታበት ቦታ ይነግራችኋል። ደማቅ ቀይና አረፋ ያለው ደም ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት። ቡናማ ወይ አረንጓዴ ነገር፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የታኘከ ሣር ካያችሁ ሆድ ነው፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። አዳኙ «ሥጋው ይበላሽብኛል» ብሎ ይጨቀጭቃችኋል። በሙቀት ወቅት እውነቱን ነው፤ ያኔ የሁለታችሁም ምርጫ ነው። እኔ ግን አስነስቶ ከማጣት የተበላሸ ሥጋ ይሻላል ባይ ነኝ፤ እንስሳው እየተሰቃየ አይሰነብትም።

ቀንዳሙ ተኝቶ ካገኛችሁት ውሻውን በአጭር ገመድ ያዙት። የቆሰለ አጋዘን በቀንዱ ውሻ ይወጋል። ውሻን በገመድ ብቻ መጠቀም በሕግ ግዴታ የሆነባቸው አገሮችና ግዛቶችም አሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ እወቁ።

ሲያገኘው ይፈራል፣ ወይም ይቦጫጭቀዋል

ለሚፈራው፦ አትግፉት። ቆዳ ብቻ አስቀምጡለት፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ በራሱ ጊዜ ይምጣ። ለሚቦጫጭቀው፦ ሽልማቱን ከአጋዘኑ ነጥሉ። ሲደርስ ትንሽ ይነክስ፣ ጸጉሩን ይጎትት፣ ደስታው ነው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወስዳችሁ የሚወደውን ከእጃችሁ ይብላ።

ጎበዝ ነበር፤ አሁን ሰልችቶታል

ወይ አብዝታችሁበታል፣ ወይ ሁሌ ያው ሜዳ ነው፣ ወይ ማግኘት ናፍቆታል። በሳምንት አንድ ጥሩ ዱካ ይበቃል። የመጨረሻው ምክንያት ግን በአደን ወቅት ነው የሚመጣው። የተመታ አጋዘን ሁሉ አይሞትም። ከጀርባ አጥንቱ በላይ ያለ ሥጋ ላይ፣ ወይ ደረቱ ላይ ተጭሮ ያለፈ ቁስል ይድናል። ውሻው ሁለት ኪሎ ሜትር በትክክል ተከትሎ ሕያው እንስሳ ነው የሚያገኘው፤ ትመልሱታላችሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆን «ታዲያ መጨረሻው ምንድነው?» ይላል። ባዶ እጃችሁን በተመለሳችሁ ማግስት ሁለት መቶ ሜትር የምትሆን ቀላል ዱካ ሥሩለት። መጨረሻዋ ላይ ቆዳውን ቅጠል አልብሱት። ሲያገኘው አብራችሁት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ይጎትተው፣ ይንከባለልበት።