ለኔትወርክ ፕላስ ፈተና መድረስዎን በሞዴል ፈተና እንዴት ይለካሉ?

ለፈተና በተቀመጥኩበት ዕለት ጠዋት በሠራሁት ሞዴል ፈተና 96 ከመቶ አመጣሁ። ከሰዓት በኋላ ከፈተናው ክፍል ስወጣ የውጤት ወረቀቴ 668 ይል ነበር፤ ማለፊያው 720 ነው። ያንን 96 ያመጣሁበትን ሞዴል ፈተና ከዚያ በፊት ስምንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ለካ ስለካ የከረምኩት እውቀቴን ሳይሆን የጥያቄዎቹን መልክ ምን ያህል እንደማስታውስ ነው። በሁለተኛው ሙከራ እስካልፍ ድረስ የተከተልኩት አካሄድ ከዚህ በታች ያለው ነው። የምጽፈው ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት ስለሚሰጠው የኔትወርክ ሙያ ምስክር ወረቀት ፈተና፣ ስለ ኔትወርክ ፕላስ ቢሆንም፣ ሲስኮ ለሚሰጠው ተመሳሳይ ፈተና ለሲሲኤንኤ የሚዘጋጁም አብዛኛውን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

1. የፈተናውን የርዕሶች ዝርዝር ያውርዱ

ኮምፕቲያ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ይሰጣል። ይህን ስጽፍ በሥራ ላይ ያለው ፈተና መለያው ኤን10-009 ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ነው። ሞዴል ፈተናዎ ለዚህኛው እንጂ ለቀድሞው ለኤን10-008 የተዘጋጀ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ዝርዝሩ አምስት ክፍሎች አሉት፦ የኔትወርክ ጽንሰ ሐሳቦች 23 ከመቶ፣ ኔትወርክ መዘርጋት 20፣ የዕለት ተዕለት ሥራና ክትትል 19፣ ደኅንነት 14፣ ብልሽት ፍለጋ 24። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ቦታ ጽፈው ያስቀምጡ።

2. ከሁለት የተለያዩ አዘጋጆች ቢያንስ ሦስት ሞዴል ፈተናዎች ይያዙ

ይያዙ እንጂ አይክፈቷቸው። አንድ ሞዴል ፈተና ስለ እርስዎ እውነቱን የሚናገረው አንድ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መማሪያ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያ ግን አይሆንም። ሁለት አዘጋጆች ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች ደጋግሞ የሠራ ሰው የአጠያየቁን ልማድ ይለምድና ረጅሙን ምርጫ እያየ መምታት ይጀምራል።

ከእውነተኛው ፈተና የተቀዱ ጥያቄዎች ናቸው እየተባሉ የሚሸጡትን አይንኩ። ኮምፕቲያ በግልጽ ይከለክላቸዋል፣ ከተደረሰበትም የምስክር ወረቀትን ሊያሰርዙ ይችላሉ። መልሳቸው የተሳሳተ ብዙ ጥያቄዎች አይቼባቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዝግጁ ነኝ ወይስ አይደለሁም ለሚለው ጥያቄ ምንም መልስ አይሰጡም።

3. ሰዓት ይዘው፣ ሳያቋርጡ ይሥሩ

ፈተናው ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ከመካከላቸው የተግባር ጥያቄዎች አሉ፤ መሣሪያ አስተካክል፣ ኬብሉን ከቦታው አገናኝ የሚሉ ዓይነት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣሉ፣ ብዙ ደቂቃም ይበላሉ። ስለዚህ ምርጫ ብቻ የያዘ ባለ 90 ጥያቄ ሞዴል ፈተና ካለዎት በ90 ሳይሆን በ70 ደቂቃ ለመጨረስ ይሞክሩ። በኔትወርክ ፕላስ ያስቸገረን ጥያቄ ምልክት አድርጎ በኋላ መመለስ ይቻላል፤ በሲሲኤንኤ ግን ያለፉት ጥያቄ አለፈ ነው። እንደሚፈተኑት ፈተና ይለማመዱ።

4. መልሱን ከማየትዎ በፊት እርግጠኝነትዎን ይመዝግቡ

እኔን ያዳነኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 90 ይጻፉ። አንድ ጥያቄ በመለሱ ቁጥር ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ፊደል ያስቀምጡ፤ እርግጠኛ ከሆኑ «እ»፣ በሁለት ምርጫዎች መካከል ከዋለሉ «ዋ»፣ ዝም ብለው ከገመቱ «ግ»። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እርማቱ ሲወጣ ትክክልና ስህተት ብለው ብቻ አይቁጠሩ። እርግጠኛ ሆነው ያገኙት፣ ገምተው ወይም ዋልለው ያገኙት፣ አለማወቅዎን እያወቁ የሳቱት፣ እርግጠኛ ሆነው የሳቱት ብለው በአራት ይክፈሏቸው።

ከወደቅኩ በኋላ ከሌላ አዘጋጅ የወሰድኩትን ፈተና በዚህ መንገድ ሠራሁት። ከ90 ጥያቄ 58 አገኘሁ፤ 64 ከመቶ መሆኑ ነው። ከ58ቱ ውስጥ 14ቱ ግምትና መዋለል ስለነበሩ በእርግጥ የማውቀው 44 ብቻ ነበር። ከሳትኳቸው 32 ጥያቄዎች ደግሞ 11ዱ «እ» የሚል ምልክት ነበረባቸው። የሚያስፈሩት እነዚያ 11ዱ ናቸው። የማያውቁትን ነገር ለማጥናት ቢያንስ ያስታውሱታል፤ አውቀዋለሁ ብለው የዘጉትን ገጽ ግን ማን ይከፍተዋል?

እንዲህ ያለው ስህተት ከየት እንደሚመጣ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የእውነተኛውን ፈተና ጥያቄዎች ማውጣት ስለማይፈቀድ ይህኛውን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ለጀማሪ፦ ዲኤችሲፒ ለኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ የሚያድል አገልግሎት ነው፤ ዲኤንኤስ ስምን ወደ አድራሻ ይፈታል፤ ጌትዌይ ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ በር ነው፤ ስዊች መሣሪያዎች በኬብል የሚገናኙበት ሲሆን ቪላን አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፍል አሠራር ነው።

አንዲት ሠራተኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር መግባት አልቻለችም። የኮምፒውተሯ አይፒ አድራሻ 169.254.18.40 ነው። በዚያው ክፍል ያሉ ባልደረቦቿ ዛሬ ጠዋት አዲስ አድራሻ ተቀብለው እየሠሩ ነው። የችግሩ መንስኤ የትኛው ሊሆን ይችላል? ሀ. የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አይሠራም። ለ. የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ቆሟል። ሐ. ኮምፒውተሯ የተሰካበት የስዊች ወደብ በተሳሳተ ቪላን ውስጥ ገብቷል። መ. የጌትዌይ አድራሻው ተሳስቷል።

የሸመደደ ሰው 169.254 ሲያይ «ለ» ብሎ ያልፋል። ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ የሚሰጠው ከዲኤችሲፒ አድራሻ ሳያገኝ ሲቀር ነውና የሸመደደው ነገር ራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰርቨሩ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ባልደረቦቿ ዛሬ ጠዋት አዲስ አድራሻ ከየት ያገኙ ነበር? «ሀ» አይሆንም፤ ዲኤንኤስ ቢቆም ስም ወደ አድራሻ አይፈታም እንጂ የራሷን አድራሻ አያሳጣትም። «መ»ም አይሆንም፤ ጌትዌዩ ቢሳሳት ከኔትወርኩ ውጪ መድረስ ያቅታታል፣ አድራሻዋ ግን ትክክለኛ ሆኖ ይቀራል። የሚቀረው «ሐ» ነው፤ ጥያቄዋ ዲኤችሲፒ ወደሌለበት ቪላን እየሄደ ነው።

እንግዲህ «እርግጠኛ ነኝ» የሚለው ምልክት የሚገባው ትክክለኛውን ምርጫ ለጠቆመ ሳይሆን የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደማይሆኑ በየአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ለተናገረ ሰው ነው። እርማት ሲሠሩ «ዋ»፣ «ግ» እና የተሳቱትን ሁሉ በዚህ መንገድ ድምፅዎን አውጥተው ይሂዱባቸው። አንድ ሞዴል ፈተና ማረም ከመሥራቱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። አይቸኩሉ።

5. ውጤቱን በክፍል በክፍል ያንብቡ

አስቀድሞ አንድ ስህተት ላርም፦ 720 ከ900 ማለት 80 ከመቶ ማለት አይደለም። የነጥቡ ልኬት ከ100 እስከ 900 እንጂ ከ0 አይጀምርም፤ የጥያቄዎች ቁጥር ወደ ነጥብ የሚለወጥበትን ስሌት ኮምፕቲያ አያወጣም፤ ለሙከራ የሚገቡና ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎችም አሉ። ስለዚህ ስንት ብስት አልፋለሁ እያሉ ማስላት ትርጉም የለውም።

እኔ የምይዘው መስፈርት ይህ ነው፦ ከሁለት አዘጋጆች የመጡ፣ ፈጽሞ ያልታዩ ሁለት ፈተናዎች፣ በተለያየ ቀን ተሠርተው ሁለቱም ከ85 ከመቶ በላይ፤ የትኛውም ክፍል ከ75 በታች ያልሆነ፤ እርግጠኛ ሆነው የሳቷቸው ደግሞ በእያንዳንዱ ፈተና ከአራት ያልበለጡ። ጥብቅ ነው፤ ሆን ብዬ ነው። በፈተናው ቀን የልብ ምትም ድካምም የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ።

በክፍል ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። ደኅንነት 14 ከመቶ ነውና ከ90 ጥያቄ 12 ወይም 13 ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ ሁለት ጥያቄ መሳት ውጤቱን በ15 ከመቶ ገደማ ያወርደዋል። ለትንንሾቹ ክፍሎች የሁለቱን ፈተናዎች ውጤት ደምረው ይፍረዱ። ጽንሰ ሐሳብና ብልሽት ፍለጋ ግን አንድ ላይ 47 ከመቶ ስለሚይዙ፣ እዚያ ላይ የታየ ድክመት በአንድ ፈተናም ቢሆን ሊታመን ይገባል።

6. ሞዴል ፈተና የማይለካውን በእጅዎ ይለኩ

ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰብኔቲንግ፣ ማለትም አንድን ኔትወርክ በትንንሽ ኔትወርኮች መክፈል ነው። 192.168.10.77/27 ብለው ይጻፉና ሰዓት ይያዙ። /27 ሲባል ማስኩ (ከአድራሻው የኔትወርኩን ድርሻ የሚለየው ቁጥር) 255.255.255.224፤ ከ256 ላይ 224 ሲቀነስ 32፤ በ32 በ32 ሲቆጠር 0፣ 32፣ 64፣ 96፤ 77 የሚያርፈው በ64ና በ96 መካከል ነው። የኔትወርኩ አድራሻ .64፣ ብሮድካስቱ (ለሁሉም መሣሪያዎች በአንዴ የሚላክበት አድራሻ) .95፣ ለመሣሪያ የሚሰጡት ከ.65 እስከ .94፣ በድምሩ 30። ይህ በወረቀት ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደ በፈተናው ላይ ሌላ ጥያቄ ያስከፍልዎታል። በየቀኑ አሥር አሥር ይሥሩ፤ የሰብኔት ማስሊያ ድረ ገጾችን ለማረሚያ ካልሆነ አይጠቀሙ።

ሁለተኛው የተግባር ጥያቄ ነው። ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራው ሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነጻ ይገኛል፤ ከየትኛውም ቪዲዮ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ሁለት ቪላን ይሥሩ፣ በአንደኛው ላይ ዲኤችሲፒ ያስነሱ፣ ከዚያ የአንዱን ኮምፒውተር ወደብ ወደ ሌላኛው ቪላን ያዛውሩና አድራሻ ያስጠይቁት። 169.254 የሚለውን ቁጥር ዓይንዎ እያየ ሲወጣ ከላይ ያለው ጥያቄ ሁለተኛ አይጠፋዎትም።

7. ቀን ይቁረጡ

መስፈርቱን ካሟሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈተኑ፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ የወደብ ቁጥሮችን (የስዊቹን ወደብ ሳይሆን ለየኔትወርክ አገልግሎቱ የተመደቡትን ቁጥሮች) መርሳት ይጀመራል። ካላሟሉ ያልተከፈተውን ፈተና ሳይነኩ ወደ ደካማው ክፍል ይመለሱ። ለወደቀ ሰው ሁለተኛውን ሙከራ ለመውሰድ የግድ የሚጠብቀው ጊዜ የለም፤ ለሦስተኛው ግን 14 ቀን መጠበቅ አለበት፤ ክፍያውም በየሙከራው እንደ አዲስ ነው። የውጤት ወረቀቱ የሳቱባቸውን ርዕሶች ስለሚዘረዝር አይጣሉት፤ እኔ ለሁለተኛው ሙከራ ያጠናሁት ከእሱ ተነስቼ ነው።

በዋዜማው አዲስ ሞዴል ፈተና አይክፈቱ፤ ዝቅ ያለ ውጤት ቢመጣ ለማረም ጊዜ የለም። የወደብ ቁጥሮችንና የኬብል ዓይነቶችን አንዴ ይመልከቱ፣ የተመዘገቡበት ስም በመታወቂያዎ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡና በጊዜ ይተኙ።