ስካነሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፊልሙን እዩት

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ሻካራ ወይም ጭቃ የመሰለ ከሆነ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠረጥረው ስካነሩን ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበርኩ። አብዛኛው ችግር ግን የሚጀምረው ፊልም ስንመርጥና ብርሃን ስንለካ ነው።

ጥላው ጭቃ መስሏል፣ ቀለሙም ተበላሽቷል

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። ኔጋቲቩን፣ ማለትም ብሩሁና ጨለማው ተገልብጦ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም፣ ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት በር ላይ ተቀምጠው አንስታችኋል እንበል። ኔጋቲቩ ላይ ነጠላው ጠቁሮ ይታያል፣ ከኋላቸው ያለው ጨለማ ደግሞ ሳስቶ። የሳሳው ቦታ ላይ ምንም ቅርጽ ከሌለ፣ የፊልሙ የራሱ ብርቱካናማ መደብ ብቻ ከሆነ፣ ፊልሙ ብርሃን አንሶታል። ስካነር የሌለውን አያመጣም፤ ያንን ባዶ ቦታ በግድ ለማብራት ሲሞከር ነው ሻካራውም ያልታሰበው ቀለምም አብሮ የሚመጣው።

የቀለም ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ቢያንስበት ግን አይችልም። ኮዳክ ፖርትራ 400 ከገዛችሁ ካሜራው ላይ የፊልሙን የብርሃን ስሜት ቁጥር (አይኤስኦ) 200 ብላችሁ ሙሉት፣ እጥበቱ ግን እንደወትሮው ይሁን። ኤክታር 100 የዚህን ያህል ቻይ አይደለም፤ ብርሃን ሲያንሰው ጥላው ወደ ሰማያዊ ይሄድበታል። ለሰው ፊት ፖርትራ፣ ጥሩ ፀሐይ ላለበት መልክዓ ምድር ኤክታር ብትሉ አትከስሩም።

ሰማዩ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል

ፈጣን ፊልም፣ ማለትም ቁጥሩ ከፍ ያለና በትንሽ ብርሃን የሚሠራ፣ ቅንጣቱ ትልቅ ነው። ስካነሩ ደግሞ አንዳንዴ ከእውነተኛው የባሰ ያደርገዋል፣ በተለይ የስካኑ ነጥብ (ፒክስል) እና የፊልሙ ቅንጣት መጠናቸው ሲቀራረብ፣ በዚያ ላይ የስካነሩ ምስል ማጥሪያ ማለትም ሻርፕኒንግ ተከፍቶ ከሆነ። ሻርፕኒንጉን ዝጉት፣ ለህትመት ስታዘጋጁ በመጨረሻ ትጨምሩታላችሁ። ትልቅ አድርጋችሁ የምታትሙት ከሆነ ከመነሻው ኤክታር 100 ወይም ፖርትራ 160፣ ለጥቁርና ነጭ ቲ-ማክስ 100 ወይም ኢልፎርድ ዴልታ 100 ያዙ።

ጥቁርና ነጩ ላይ አቧራ ማጥፊያው ምስሉን አበላሸው

የስካነሩ አቧራ ማጥፊያ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ነው የሚሠራው። የተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ያለው ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚያግድ ስካነሩ ምስሉን ራሱን አቧራ ብሎ ያስበዋል። ዝጉት፣ አቧራውን በአየር መንፊያ አራግፉ። ይሄ ካሰለቻችሁ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ሞክሩ፤ በቀለም ፊልም ኬሚካል፣ በሲ-41፣ ስለሚታጠብ ምስሉ የሚሠራው ከማቅለሚያ እንጂ ከብር አይደለም፣ አቧራ ማጥፊያውም ይሠራበታል።

ቀስተ ደመና የመሰሉ ክቦች ወጡ፣ ወይም አንዱ ጎን ደበዘዘ

ፊልሙ ተጠቅልሎ መስታወቱን ነክቷል። ከነመያዣ ፕላስቲኩ ከባድ መጽሐፍ ሥር ሁለት ቀን አሳድሩት። መስታወት ላይ የሚያርፍ ከሆነ የማያብረቀርቀውን ጎን ወደ መስታወቱ አድርጉ፣ ምስሉን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ትገለብጡታላችሁ።

ሲተልቅ ዝርዝሩ ጠፋ

የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ስካን ብታደርጉት፣ በ300 ዲፒአይ ሲታተም 29 በ19 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ የተሻለ ስካነር ወይም ሰፊውን 120 ፊልም ነው። ከ120 የሚወጣ 6 በ6 (በሴንቲሜትር) የሚባለው ምስል በዚያው 2400 ወደ 45 ሴንቲሜትር ያደርሳችኋል።